ያደረ ውሃ

«እማ፣ ዛሬ ማታ ጥያቄውን የምጠይቀው ማንን ነው?»

ፍሩማ ባዶ እንስራ ታቅፋ በጭቃው መንገድ ላይ ትጣደፋለች፤ የስድስት ዓመት ልጇ ኤትል ቀሚሷን ጨብጣ ከኋላ ትንደረደራለች። በሬውት ወንዝ ዳር ያለችው ከተማ፣ ቫሊያ ሬቼ፣ ከማለዳ ጀምሮ ጭስ ለብሳለች። የአይሁድ ፋሲካ ዋዜማ ነው፤ በበዓሉ እርሾ የነካው ነገር ቤት ውስጥ ስለማይገኝ፣ በየግቢው ከየጓዳው የተለቀመ የመጨረሻ የዳቦ ፍርፋሪ ይቃጠላል።

«ዝም ብለሽ ተራመጂ፣» አለቻት።

«አምና አያቴን ነው የጠየቅሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ካቻምናም አያቴን ነው የጠየቅሁት።»

«ካቻምናማ ግማሹን ረስተሽው እኔ ነኝ በጆሮሽ ያንሾካሾክሁልሽ። ተራመጂ ብዬሻለሁ።»

ጥያቄው ግን ዝም አላለም። ከፍሩማ ጋር በጭቃው አብሮ ይራመድ ነበር። በፋሲካ ሌሊት፣ ማዕዱ ተዘርግቶ የመጀመሪያው ጽዋ ሲጠጣ፣ ከቤቱ ትንሹ ልጅ ይቆምና ይህች ሌሊት ከሌሎች ሌሊቶች በምን እንደተለየች ይጠይቃል። ከቤቱ ታላቁ ሰው ደግሞ ይመልሳል፤ ከግብፅ መውጣቱን ከሥር ከመሠረቱ ይናገራል። የልጆች ጨዋታ አይደለም። ኦሪት ራሷ፣ ልጅህ ሲጠይቅህ ንገረው ትላለች። ካልተጠየቀ አይነገርም፤ ካልተነገረ ደግሞ ሌሊቱ እንደማንኛውም ሌሊት ይነጋል።

የቤታቸው ታላቅ ሰው የፍሩማ አባት ሄሽል ነበሩ፤ ከተማው በአክብሮት ረብ ሄሽል ይላቸዋል። አሁን ግን የእሳቸው ደጅ ለፍሩማ ከተዘጋ አንድ ክረምት አልፎታል።

ደጁን የዘጋው የዜሊግ እምነት ነው። ባሏ ዜሊግ በርሜል ሠሪ ነው፤ ዝምተኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲያስብ መዶሻውን በጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው። የናዝሬቱ ኢየሹዋ፣ ጎረቤቶቹ ስሙን ላለመጥራት «ያ ሰው» የሚሉት፣ ለእስራኤል ተስፋ የተሰጠው መሲሕ ነው ብሎ ካመነ ሁለት ዓመት ሆነው። ካመነ በኋላ ሰንበትን አልተወም፣ ጠቦት እንጂ እሪያ አልበላም፣ በዳስ በዓል ዳሱን ሠርቶ እንደ ድሮው ከነቤተሰቡ ውስጡ ተቀመጠ። በዚያው ዳስ ውስጥ አንድ ማታ ድምፁን ከፍ አድርጎ በዚያ ስም ጸለየ። የዳስ ግድግዳ ቅጠል ነው፤ ጎረቤት ሰማ። በሳምንቱ ረቢው በምኩራብ አወገዙት፦ ከዜሊግ ቤት ጋር ማንም አይነጋገር፣ ማንም አይብላ፣ ማንም ምንም አይሽጥላቸው፣ ማንም ምንም አይስጣቸው።

ስለዚህ ዘንድሮ ከከተማው ምድጃ የፋሲካ ቂጣ አያገኙም። ፍሩማ ቤቷ ውስጥ ራሷ ልትጋግር ነው። አሁን የምትሮጠውም ለዚሁ ነው።

ቂጣው ዱቄትና ውሃ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ውሃው ግን ማንኛውም ውሃ አይደለም። ከዋዜማው በፊት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቀዳል፤ ተሸፍኖ ቀዝቃዛ ቦታ ያድራል። ቀን የተቀዳ ውሃ ሙቀት አለበት፣ ሊጡን ቀስቅሶ እርሾ ያደርገዋል ብለው አባቶች ከልክለዋል። ይህን ከፍሩማ በላይ የሚያውቅ የለም። አባቷ የከተማው የቂጣ ምድጃ ጠባቂ ናቸው፤ ሊጥ ትንሽ ዘግይቶ ካዩ፣ የሀብታምም ይሁን የድሃ፣ አንስተው ደጅ ይጥላሉ። እሷም ከልጅነቷ እዚያው ሊጥ ስትዳምጥ ነው ያደገችው። «ውሃ እንደ ሰው ነው፤ ካላደረ አይረጋም፣» ይሉ ነበር።

ትናንት ማታ ውሃውን ቀድታ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ ምድር ቤት አኑራው ነበር። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ፍርፋሪ ቢቀርስ? ከጠረጴዛው ስንጥቅ ውስጥ አንዲት የዳቦ ቅንጣት ብትኖርስ? ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ጠረጴዛውን ለሦስተኛ ጊዜ ልታጥብ በጨለማ ከምድር ቤት እጇ ያገኘውን እንስራ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ነጩን ጨርቅ መሬት ላይ ያየችው ውሃው በወለሉ ሰሌዳ መሃል ሰርጎ ካለቀ በኋላ ነው።

የሥጋ ሻጩን ቤት አንኳኳች። የሥጋ ሻጩ ሚስት ሶሲ በሩን ሳትከፍት ተናገረች።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ፍሩማ። ትንሽ ያደረ ውሃ ፈልጌ ነው። የኔ ተደፋብኝ።»

«የቷ ፍሩማ?»

«ስንት ፍሩማ አለ እዚህ ሰፈር?»

«አንድ ነበረች። እሷንም አጣናት።»

«ሶሲ፣ ልጄ ፋሲካን ያለ ቂጣ ልትውል ነው።»

ከዚያ ሌላ የሴት ድምፅ ከውስጥ፣ «ያ የእሷ ሰው ውሃውን ወይን ያደርግ የለ? ንገሪያት፣ ለአንዲት ሌሊት ያሳድርላት፣» አለና ሳቅ ተከተለ። ሶሲ አልሳቀችም፤ ግን አልከፈተችም።

አራት በር አንኳኳች። ፀሐይ ከፍ ስትል ባዶ እንስራዋን እንዳቀፈች ተመለሰች።

ዜሊግ የምድጃውን ሆድ በእሳት እያነጻ ነበር። ፊቷን አይቶ ሁሉንም ተረዳ።

«ከጉድጓድ ቅጂና ጋግሪ፣» አላት። «እግዚአብሔር ይረዳል።»

«እግዚአብሔርማ ይረዳል። አባቴ ግን አይረዳም።»

«አባትሽ ቂጣሽን የት ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ፣» አለችው።

እንዲህ ያለ ነገር ነበረባት ፍሩማ። ሰው ለምን እንደዚያ ታጠብቂዋለሽ ሲላት መልሱን በቃል አታውቀውም። መልሱ ያለፈው ክረምት ላይ ነው። ዜሊግ ማታ ማታ ፊደል ያስተምራት ነበር፤ ከዚያ በፊት አታነብም። ኤትልና እሷ ባንድ መብራት፣ ባንድ ሰሌዳ ላይ ይለቃቅሙ ነበር፤ ልጅቱ ትቀድማታለች፣ ታፍርባታለች ደግሞም ትስቅባታለች። ከፊደል በኋላ የሰጣት ወንጌልን ነው፤ ፍሩማ የዚያን መጽሐፍ ስም ስትሰማ ያደገችው በፍርሃት ነው። ክርስቲያኖቹ በትንሣኤያቸው ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው አይሁድ ላይ ድንጋይ የሚወረውሩት በዚያ መጽሐፍ ስም ነው። ፊደል በፊደል እየለጠፈች አንድ ምዕራፍ ለመጨረስ ወር ፈጀባት፤ ድንገትም የቂጣው በዓል የሚል ቃል ላይ ደረሰች። ጣቷ እዚያው ቆመ። ደቀ መዛሙርቱ ፋሲካውን የት እናዘጋጅልህ ብለው እየጠየቁት ነበር። የሷው ቃል ነው። የሷው በዓል። በሞቱ ዋዜማ የጨበጠው የቤተ ክርስቲያኑን ያበጠ ዳቦ አልነበረም፤ በአባቷ ምድጃ ስትዳምጠው የኖረችውን ቂጣ ነው። ያን ማታ መጽሐፉን ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ቂጣ ባሰበች ቁጥር፣ ሊጡ ባልተጠነቀቀ እጅ ቢነካ የሚያፍር አንድ ሰው በማዕዱ ላይ የተቀመጠ ይመስላታል።

ቀትር ሲቃረብ ኤትል ከጓሮ መጣች።

«እማ፣ አጥሩ ላይ እንስራ አለ።»

«የማን?»

«አላውቅም። የተቋጠረ ነው።»

ፍሩማ ወጣች። በአጥሩ ጫፍ ላይ፣ የማንም ግቢ ባልሆነው ቦታ፣ ባለ አንድ ጆሮ የሸክላ እንስራ ተቀምጧል። አፉ በነጭ ጨርቅ ታስሯል፤ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ነው። እንደዚያ አድርጎ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። የእናቷ የቼርና እጅ ነው። ውግዘቱ አታናግሯት ይላል፤ እናቷ አላናገሯትም። ውግዘቱ አትስጧት ይላል፤ እናቷ ለአጥር ነው የሰጡት።

ጨርቁን ፈታችና ጣቷን ነከረች። ቀዝቃዛ ነው። ረግቷል።

ዱቄቱ ተሰፈረ፣ ውሃው ተጨመረ፣ ፍሩማ ሊጡ እፎይ እንዳይል ሳታቋርጥ ታሻለች፤ ዜሊግ እንዳያብጥ ጥርስ ባለው ትንሽ መንኮራኩር ይወጋጋዋል፤ በረጅም ዘንግ አንስቶ ምድጃ ውስጥ ይጥለዋል። ኤትል እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ትመለከታለች፤ አትነካም። ቂጣው ጫፍ ጫፉ እየጠቆረ ሲወጣ እንደ ቀጭን ገል ይንቋቋል። ፍሩማ እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ አንስታ ታየዋለች፦ ያልታጠፈ፣ ያላበጠ። ሲያልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የፓስተር ላንዶልት ሠረገላ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ፓስተሩ ከጀርመን ገበሬዎች ሰፈር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥቁር ረጅም ካፖርት፣ ውሃ የመሰለ ዓይን፣ ዕብራይስጡን ከብዙ የከተማው ሰው አሳምረው የሚያነቡ። ዜሊግና መሰሎቹ ስድስት ቤተሰብ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦሪቱንም ወንጌሉንም የሚያነቡበት ክፍል አላቸው። ክፍሉ የተፈቀደው ኪሺኔቭ ከተማ ካለው የሩሲያ ንጉሥ፣ የዛሩ፣ ገዥ ዘንድ በፓስተሩ ስም ነው። እሳቸው ፊርማቸውን ካነሱ በማግስቱ ይታሸጋል።

ከፓስተሩ ኋላ ቤኒሽ ወረደ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ ሞታለች፤ ከዜሊግ ጋር ያመነ የመጀመሪያው ሰው ነው። ቀልድ ካላወራ የሚታመም ይመስለዋል።

ፓስተሩ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሽታው ቀድሟቸው ደረሰ። ትኩስ ዳቦ ነው።

ፍሩማ በሩ ላይ ቆመች። እጆቿን ዘርግታ ሁለቱን መቃን ያዘች፤ ራሷም አላወቀችውም።

«ፓስተር፣ እንኳን ደህና መጡ። እሱ ግን ሠረገላው ላይ ይቆይ።»

«ልጄ ፍሩማ፣ በዚህ ጉዳይ ከዜሊግ ጋር ተነጋግረናል።»

«ዜሊግ የቤቱ ራስ ነው። እርሾ ግን የኔ ሥራ ነው።»

ፓስተሩ ወደ ዜሊግ አዩ። ዜሊግ ወደ ጫማው አየ።

«አለቆቼ ታገሡኝ፣» አሉ ፓስተሩ ቀስ ብለው። «ሁለት ዓመት ታገሡኝ። ያንተ ሰዎች አይሁድ ናቸው ወይስ ክርስቲያን ይሉኛል። በዚህች ሌሊት የጌታን እራት በዳቦ አብረን ከቆረስን፣ ለእነሱ የምጽፈው አለኝ። ካልቆረስን ግን ክፍሉን በስሜ ላቆየው አልችልም። የፈለግሁት እኔ አይደለሁም። ደግሞም ነፃ ወጥታችኋል። ሕጉ ሞግዚት ነበር፤ ልጁ አድጓል።»

«ያደገ ልጅ ሞግዚቱን ከቤት ያባርራል እንዴ?» አለ ዜሊግ፣ አሁን ቀና ብሎ። «እርስዎን ቂጣ ይብሉ ያለ አለ? ሰንበትን ይጠብቁ፣ ይገረዙ ያለዎት አለ? እርስዎ እንደተጠሩ ኑሩ። እኛም እንደተጠራን እንኑር።»

«ነፃ ከሆንኩ፣» አለች ፍሩማ፣ «ቂጣ የመብላትስ ነፃነት የለኝም?»

ቤኒሽ ሳቀ። «እኔስ ከቂጣ ነፃ ቢያወጡኝ ደስ ይለኛል። አርባ ዓመት በላሁት፤ ሆዴ አሁንም ግብፅ ነው።» ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ዜሊግ፣ ባለፈው ሳምንት ሩሲያዎቹ አይሁድ ብለው ድንጋይ ወረወሩብኝ። ማዕዘኑን ስዞር አይሁዶቹ ከሃዲ ብለው ወረወሩብኝ። አንዱን ልምረጥና ባንድ ወገን ብቻ ልፈንከት።»

ፓስተሩ ዳቦውን ተመለከቱ፤ ፍሩማን ተመለከቱ። ዞረው ሄደው ሠረገላው ወንበር ላይ አኖሩትና ባዶ እጃቸውን ገቡ።

«እስከ ማዕዱ መጨረሻ እቀመጣለሁ፣» አሉ። «ያኔ እንነጋገራለን።»

ፍሩማ ሻማዎቹን አበራች። ዜሊግ ነጩን የፋሲካ ቀሚስ ለበሰ፤ ሰው በሠርጉ የሚለብሰው፣ ሲሞትም የሚከፈንበት። የመጀመሪያው ጽዋ ተባረከ፤ ተጠጣ። ዜሊግ ከተደራረቡት ሦስት ቂጣዎች መካከለኛውን አንስቶ ለሁለት ሰበረው። ግማሹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሊደብቅ ከሚደገፍበት ትራስ ስር ከተተው። ማዕዱ ሲያልቅ ልጅ ፈልጎ ያገኘዋል፤ የመጨረሻው ጉርሻም እሱ ነው። ፍሩማ ይህን ከልጅነቷ አይታዋለች። ከዘንድሮ ክረምት በፊት ግን፣ የተሰበረ፣ በተልባ እግር የተጠቀለለ፣ የተሸሸገ፣ ኋላም የሚገኝ ነገር ምን እንደሚመስል አስባ አታውቅም ነበር። ከጨርቁ ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

ዜሊግ የተረፈውን ግማሽ ከፍ አደረገ። «የመከራ እንጀራ ይህ ነው፣» አለ እንደ አባቶቹ ወግ። «የራበው ይግባ፣ ይብላ። የቸገረው ይምጣ፣ ፋሲካን ከእኛ ጋር ያክብር።»

ይህ ሲባል በር ይከፈታል። ፍሩማ ተነሳች።

«በዚህ ሌሊት?» አሉ ፓስተሩ። «ድንጋይ ቢወረውሩስ?»

«በር ዘግቶ ግቡ ማለት ውሸት ነው፣» አለች። እጇን መወርወሪያው ላይ አኖረች። እሷም ድንጋዩን አስባለች። ኤትል የተቀመጠችው ከበሩ ትይዩ ነው። ቆርጣ ከፈተችው።

ጨለማው ውስጥ፣ ከደረጃው ስር፣ ነጭ ነገር ቆሟል።

«ኤልያስ መጣ፣» አለች ኤትል በሹክሹክታ፤ በዚህች ሌሊት ነቢዩ በየቤቱ ይመጣል ሲባል ሰምታለች።

ነጩ ነገር አንድ ደረጃ ወጣ፤ የሻማው ብርሃን ጢሙ ላይ አረፈ። ረብ ሄሽል ናቸው። ነጩን ቀሚስ እንደለበሱ፣ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ። ከኋላቸው ቼርና ፋኖስ ይዘው ቆመዋል።

ፍሩማ ከወራት በኋላ አባቷን በዚህ ቅርበት ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው። አርጅተዋል።

«አልገባም፣» አሉ ረብ ሄሽል። እግራቸው መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመ። «ልጄንና የልጅ ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁ። ባልሽም ከፈለገ ይምጣ። ያንን ስም ግን እንደ ጫማ ደጄ ላይ አውልቆ ይግባ።»

«እውነቱን ንገራት እንጂ፣» አሉ ቼርና ከኋላ።

«አንቺ ዝም በይ።»

«ክረምቱን ሙሉ ዝም ብያለሁ፤ ይበቃኛል። ፍሩማ ስሚኝ። ማዕዱን ዘረጋን፤ እሱና እኔ። ልጅ የለም። ልጅ ከሌለ ሚስት ትጠይቅ ይላል ሕጉ። ‹ጠይቂ እንጂ ቼርና› አለኝ። ጠየቅሁት። ‹ይህች ሌሊት በምን ተለየች› አላልሁትም። ‹በዚህች ሌሊት ልጄ ለምን እዚህ የለችም› አልሁት። ጽዋውን አስቀመጠ። ይኸው፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።»

ረብ ሄሽል ሚስታቸውን አላዩአቸውም። «ነይ ፍሩማ፣» አሉ ብቻ። ድምፃቸው ሊጥ ሲጥሉ የሚናገሩበት ድምፅ አልነበረም።

ፍሩማ ወደ ኋላዋ አየች። ዜሊግ ቂጣውን እንደያዘ ቆሟል፤ ሂጂም ቅሪም አላላትም። ከሄደች ልጇ አያት ታገኛለች፣ አባት ታጣለች። ከቀረች ይህ ሽማግሌ በዚህ ጭቃ ተመልሶ ሲሄድ ታያለች፤ ምናልባትም ለመጨረሻ ጊዜ።

በዚህ መሃል ኤትል ከወንበሯ ወረደች። ሁሉም ዝም ሲል የሷ ተራ የደረሰ መሰላት፤ ሁልጊዜም ከመስበሩና በር ከመክፈቱ በኋላ ተራው የሷ ነውና። እስከ በሩ ሄደች፣ እጆቿን እንደተማረችው ደረቷ ላይ አቆላለፈች፣ አያቷን ቀና ብላ አይታ ጠየቀች።

ለምን ይህች ሌሊት ከሌሎች ሌሊቶች ሁሉ ተለየች? ለምን በሌሎች ሌሊቶች ዳቦም ቂጣም ስንበላ ዛሬ ቂጣ ብቻ? ለምን መራራ ቅጠል? አንዱንም አልረሳችም። ማንም በጆሮዋ አላንሾካሾከላትም።

ረብ ሄሽል ፊታቸው ተለወጠ። ፍሩማ አባቷን ታውቃለች። በዚህች ሌሊት የጠየቀን ልጅ ሳይመልሱ መሄድ ለእሳቸው ሊጥ አስረጅቶ ከመጋገር ይብሳል። ውግዘት የሰው ትእዛዝ ነው፤ ንገረው ያለችው ኦሪት ናት። መድረኩን አዩ፤ ልጅቱን አዩ። አልገቡም፤ አልሄዱምም። በእንጨት ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው፣ አንድ እግራቸው መድረኩ ላይ፣ አንዱ ደጅ፣ መናገር ጀመሩ።

«በግብፅ ባሮች ነበርን፣» አሉ። «አያቶቻችን ብቻ አይደሉም፤ እኛ። እኔ ጭቃ ረግጫለሁ። አያትሽ ገለባ ለቅማለች። እነሱ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን ሁሉ ጭቃ ባልመጣሁ ነበር።»

ተናገሩ። የወንዙን፣ ወደ ወንዙ የተጣሉትን ወንድ ልጆች፣ የደሙን፣ በሌሊት ሳይቦካ የታፈሰውን ሊጥ ተናገሩ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ሻማዎቹ ከደጅ በሚገባው ነፋስ ያዘነብላሉ፣ ይቃናሉ። ፓስተሩ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰብከውታል፤ አሁን ግን «እኛ» ብሎ ከሚናገረው አፍ ሲሰሙት ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ቤኒሽ እንኳ አልቀለደም። ፍሩማ ቆማ ስትሰማ፣ ከተሰበረው ቂጣ ጎን ባለው ባዶ ቦታ አንድ ሰው ጋደም ብሎ አብሯቸው የሚያዳምጥ መሰላት፤ እሱም ይህን በልጅነቱ እንዲሁ ጠይቆ፣ እንዲሁ የተመለሰለት። ወደዚያ ለማየት አልደፈረችም።

«አያቴ፣» አለች ኤትል ሲጨርሱ።

«እህ።»

«አባዬም ነበረ? አብሮን ወጣ?»

በዚያ ከተማ ማንም ልጅ የሚያውቀው አንድ መልስ አለ። በፋሲካ ታሪክ ውስጥ ራሱን ከወገኑ የሚለይ ክፉ ልጅ አለ፤ ለእሱ የሚሰጠውም መልስ ከጥንት የተወሰነ ነው፦ እዚያ ቢሆን ኖሮ አይድንም ነበር። ከዳስ በዓል ጀምሮ ከተማው ዜሊግን በዚያ ልጅ ስም ይጠራዋል። ረብ ሄሽልም በምኩራብ ሲባል ሰምተዋል፤ ምናልባት ብለዋልም።

ዜሊግ ራሱን ዝቅ አደረገ። መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ነበር።

ረብ ሄሽል ረጅም ጊዜ አዩት። ነጩን ቀሚሱን አዩ፤ የራሳቸውን የመሰለ ነው።

«ነበረ፣» አሉ።

ከዚያ እንደገና፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «እሱም ነበረ።»

ዜሊግ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ረብ ሄሽል ወደ ፍሩማ ዞሩ፤ አሁን ድምፃቸው የምድጃ ጠባቂው ድምፅ ሆነ። «ቂጣውን አምጪ።»

አመጣችላቸው። በሁለት ጣት ይዘው ወደ ፋኖሱ አነሱት። ገለበጡት። ጠርዙን በጥፍራቸው ቧጠጡ።

«በምን ውሃ?»

ፍሩማ አፏን ሳትከፍት ቼርና መለሱ። «በኔ ውሃ።»

ሽማግሌው ሚስታቸውን አዩአቸው። ቂጣውን ፍሩማ እጅ ላይ መለሱ።

«ቂጣው ንጹሕ ነው፣» አሉ። «ስለ ቤቱ አላውቅም።»

«አባዬ፣» አለች ፍሩማ። «አልሄድም። ማዕዱ ግን ተዘርግቷል።»

«ሰማሁሽ፣» አሉ። ተመልሰው ደረጃውን ወረዱ። ከደጁ፣ ከግራር ዛፍ ስር፣ ዜሊግ የበርሜል እንጨት የሚያደርቅበት አግዳሚ አለ። እስከዚያ ደርሰው ቆሙ። ቼርና ግን አልተከተሏቸውም። ፋኖሱን ደረጃው ላይ አስቀመጡ፣ ጫማቸውን ጠረጉ፣ ገቡ።

«ቼርና፣» አሉ ረብ ሄሽል ከጨለማው።

«የራበው ይግባ አሉ እኮ። ርቦኛል፣» አሉ ቼርና፤ ከኤትል አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ፓስተር ላንዶልት በዚያን ጊዜ ተነሱ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ዜሊግ፣ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

«ያዩትን ይጻፉ።»

«ያየሁትን ከጻፍሁ ክፍሉ ይዘጋል።»

ዜሊግ መልስ ከመፈለጉ በፊት ፍሩማ ተናገረች። «ይዘጋ፣ ፓስተር። ይህ በር ክፍት ነው።»

ፓስተሩ እጃቸውን በልጅቱ ራስ ላይ ጭነው ባረኳትና ወጡ። በአግዳሚው በኩል ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አነሱ፤ ረብ ሄሽልም ጥቂት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤኒሽ ተከተለ። በሩ ላይ ዞሮ አንድ ቀልድ ፈለገ፤ አጣ። በበዓል ሌሊት አይሁዳዊ ሠረገላ ላይ አይወጣም። ፍሩማ ከበሩ ሆና የቤኒሽን እግር አየች፦ እርከኑ ላይ አረፈ፣ ትንሽ አመነታ፣ ወጣ። ዳቦው ከተቀመጠበት ወንበር አጠገብ ተቀመጠ። ፈረሶቹ ተንቀሳቀሱ።

ክፍሉ ከበዓሉ በኋላ ታሸገ፤ ቤኒሽም በበጋው ከጀርመኖቹ ዘንድ ተጠመቀ፤ ከስድስቱ ቤተሰብ ሁለቱ አብረውት ሄዱ። በዚያች ሌሊት ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። በዚያች ሌሊት ፓስተሩና ቤኒሽ ሄዱ። ዜሊግ፣ ፍሩማና ኤትል በማዕዱ ቀሩ፤ ቼርናም አብረዋቸው ቀሩ። ረብ ሄሽል አልገቡም። የማዕዱ መዝጊያ፣ አራተኛው ጽዋ፣ ተጠጥቶ እስኪያልቅ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ ነጩን ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ከደጁ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ቆዩ።